መላምትን በእጅ መፈተን፦ ለሥነ ልቦና ስታቲስቲክስ ጀማሪዎች የልምምድ መመሪያ

የመላምት ፍተሻ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ይገባና ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል። አንደኛው መነሻው ላይ ነው፤ የትኛው ፍተሻ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መምረጥ ያቅተዋል። ሁለተኛው ማብቂያው ላይ ነው፤ ያገኘው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይቸግረዋል። መሐል ያለውን መደመርና ማካፈል ስልክም ይሠራዋል። ስለዚህ እዚህ ጊዜ የምንወስደው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው፤ ሒሳቡንም ቢሆን አንድ ጊዜ ሙሉውን በእጅ እንሠራዋለን፤ በእጅ ያልተሠራ ቲ ቴስት (አማካዮችን የሚያነጻጽር ፍተሻ) ኮምፒውተር ላይ ሲሳሳት አይታወቅምና።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ወረቀት፣ የስኩዌር ሩት ምልክት ያለው ካልኩሌተር፣ በማንኛውም የስታቲስቲክስ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚገኙት የዜድና የቲ ሰንጠረዦች፣ አንድ ሳንቲም፣ አራት ባለቀለም ፓርከሮች፣ የስልክ ሰዓት መቁጠሪያ፣ እና አሥር ፈቃደኛ ሰዎች።

መጀመሪያ ሳንቲም

ቀመር ከመንካታችሁ በፊት ዕድል ብቻውን ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈጥር በዓይናችሁ እዩ። የአንድ ብር ሳንቲም ያዙና 20 ጊዜ ወርውሩ። የአንበሳው ገጽ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደሆነ ቁጠሩ። ከመወርወራችሁ በፊት ግን ይህን ጻፉ፦

«ባዶ መላምት፦ ሳንቲሙ አያዳላም፤ አንበሳ የመውጣት ዕድሉ 0.5 ነው። አማራጭ መላምት፦ ሳንቲሙ ወደ አንዱ ያዳላል። አንበሳው 5 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች፣ አለዚያም 15 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ባዶውን መላምት ውድቅ አደርጋለሁ።»

5 እና 15 ከየት መጡ? ሳንቲም 20 ጊዜ ሲወረወር ሊወጡ የሚችሉት ቅደም ተከተሎች 1,048,576 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንበሳ 5 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች የሚወጣባቸው 21,700 ናቸው፤ ይኸውም 2.07 በመቶ ነው። በሌላው ጫፍም ያው ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ 4.14 በመቶ ይሆናል። መስመሩን ወደ 6 እና 14 ብንስበው ድምሩ ወደ 11.5 በመቶ ይዘላል፤ ከተለመደው የ5 በመቶ ወሰን አለፈ ማለት ነው። ለዚህ ነው 5 እና 15 ላይ የምናቆመው።

አሁን አንድ ክፍል ውስጥ 50 ተማሪዎች ይህን በቅንነት ሠሩ እንበል። ሁሉም ሳንቲሞች ደህና ቢሆኑም በአማካይ ሁለት ያህል ተማሪዎች «ሳንቲሜ ያዳላል» ብለው ይደመድማሉ። አልዋሹም፣ ሲቆጥሩም አልተሳሳቱም። ይህ አንደኛው ዓይነት ስህተት የሚባለው ነው፤ ባዶው መላምት እውነት ሆኖ ሳለ ውድቅ ማድረግ። አልፋ ብለን የምንመርጠው ቁጥር፣ ማለትም 0.05፣ ይህ ስህተት ምን ያህል ጊዜ እንዲደርስብን እንደፈቀድን የሚናገር ነው። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሮናልድ ፊሸር በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ለአሠራር ይመቻል ብሎ አስቀመጠው፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ልማድ አደረግነው።

ዳታ ከመሰብሰብ በፊት የሚሞላ ወረቀት

ለእያንዳንዱ ልምምድ አንድ ወረቀት አውጡና አምስት ነገር ጻፉ። ቀኑንም ጻፉበት፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ የተቀየረ መላምት ምንም ዋጋ የለውም።

1. የምርምር ጥያቄው በተራ አማርኛ። ቀመርና ምልክት የሌለበት፣ ጎረቤት የሚገባው።
2. ባዶው መላምት። ሁልጊዜ የሚናገረው ስለ ጠቅላላው ሕዝብ ነው፤ ስለ ናሙናው አይደለም። «የሁለቱ ቡድኖች የናሙና አማካይ እኩል ነው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ የናሙናውን አማካይ አስልተን እናውቀዋለን፣ መላምት አያስፈልገውም።
3. አማራጩ መላምት፣ ባለአንድ ጫፍ (ልዩነትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈልግ) ወይም ባለሁለት ጫፍ (በሁለቱም አቅጣጫ የሚፈልግ) መሆኑ ተለይቶ። ለጀማሪ የምንመክረው ባለሁለት ጫፉን ነው። ባለአንድ ጫፍ የሚመርጥ ሰው ውጤቱ በተቃራኒው አቅጣጫ የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ «ምንም አላገኘሁም» ለማለት ዝግጁ መሆን አለበት፤ ያን የሚያደርግ ጥቂት ነው።
4. አልፋ። ሌላ ምክንያት ከሌለ 0.05።
5. የትኛው ፍተሻ፣ በስንት ሰው፣ ማን ከዳታው እንደሚወጣ። «ስልክ ጠርቶ ያቋረጠው ተሳታፊ አይቆጠርም» የሚለውን አሁን ጻፉት፤ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ የምታወጡት ሰው ሁሉ አጠራጣሪ ነው።

ፍተሻ መምረጥ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ጥያቄውን ስታነቡ በመጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥሮቹን ሳይሆን ሰዎቹን ነው፤ ማን ተለካ፣ ስንት ጊዜ?

አንድ ቡድን ብቻ ካለና አማካዩ ከሚታወቅ ቁጥር ጋር ከተነጻጸረ፣ የጠቅላላው ሕዝብ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው) ከተሰጠ ዜድ ቴስት ነው፤ ካልተሰጠ የአንድ ናሙና ቲ ቴስት ነው። ያው ሰው ሁለት ጊዜ ከተለካ፣ ወይም መንትዮችና ባለትዳሮች እንደሚደረገው ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከተጣመሩ፣ የጥንድ ቲ ቴስት ነው። የማይገናኙ ሁለት ቡድኖች ከሆኑ የነጻ ቡድኖች ቲ ቴስት ነው። ቡድኖቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ወደ አኖቫ ይኬዳል፤ ሁለት ሁለት እያደረጉ ቲ ቴስት መደርደር አንደኛውን ዓይነት ስህተት ያባዛዋል። የተለካው ነገር ቁጥር ሳይሆን ምድብ ከሆነ፣ ለምሳሌ «አዎ» እና «አይደለም» ያሉ ሰዎች ብዛት፣ ካይ ስኩዌር ነው።

የፈተና አውጪዎች የሚወዱት ወጥመድ አለ። «20 ተማሪዎች ከሥልጠና በፊትና በኋላ ተፈተኑ» ይላል ጥያቄው፤ ሁለት ዓምድ ቁጥር ይሰጣል። ዓምዶቹን ያየ ተማሪ ሁለት ቡድን ይመስለዋል። ሰዎቹን የፈለገ ግን 20 ሰው ብቻ እንዳለ ያያል፤ ጥንድ ነው።

በዜድ መሟሟቅ

የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ አማካያቸው 100፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 15 እንዲሆን ተደርገው ይዘጋጃሉ። ስለዚህ ለዜድ ልምምድ ይመቻሉ። አንድ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ 36 ሰዎች በአማካይ 104 አገኙ እንበል።

ስታንዳርድ ኤረር (የናሙና አማካይ በዕድል ብቻ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ) = 15 ÷ √36 = 15 ÷ 6 = 2.5
ዜድ = (104 − 100) ÷ 2.5 = 1.60

ለባለሁለት ጫፍ በ0.05 ወሰኑ 1.96 ነው። 1.60 አልደረሰም፤ ፒ (ባዶው መላምት እውነት ቢሆን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት የመታየቱ ዕድል) 0.11 አካባቢ ነው። ባዶውን ውድቅ አናደርግም።

አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትታችሁ የሰዉን ብዛት ብቻ 81 አድርጉት። ስታንዳርድ ኤረር 15 ÷ 9 = 1.67 ይሆናል፤ ዜድ 2.40፣ ፒ ደግሞ 0.016 ነው። ውድቅ አደረግን። የአራት ነጥብ ልዩነቱ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። «ጉልህ» የሚለው የስታቲስቲክስ ቃል «ትልቅ» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ልምምድ የለም፤ ሁለቱንም በእጃችሁ ሥሩት።

ዋናው ልምምድ፦ የስትሩፕ ካርድ በአማርኛ

ጆን ሪድሊ ስትሩፕ በ1935 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች የቀለም ስሞች የተጻፉበትን ቀለም እንዲጠሩ አደረገ፤ ቃሉ «ቀይ» ይላል፣ የተጻፈው ግን በሰማያዊ ነው፣ መልሱ «ሰማያዊ» ነው። ባለቀለም ካሬዎችን ለመጥራት በአማካይ 63.3 ሰከንድ የወሰደባቸው ሰዎች፣ ያንኑ ያህል ብዛት ያላቸውን የሚጋጩ ቃላት ለመጥራት 110.3 ሰከንድ ወሰደባቸው። ማንበብ ሳንፈልገው የሚመጣ ልማድ ስለሆነ ቀለሙን ከመጥራት ጋር ይጋጫል። ለጀማሪ ይህን የምንመርጠው ውጤቱ ጠንካራ ስለሆነ፣ በጥቂት ሰውም ስለሚታይና ምንም መሣሪያ ስለማይፈልግ ነው።

ካርዶቹን እንዲህ አዘጋጁ። ሁለት ኤ4 ወረቀት ውሰዱ፤ በእያንዳንዱ ላይ በ6 ረድፍና በ4 ዓምድ 24 ቃላት ጻፉ። ቀለሞቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ይሁኑ። ቢጫ አትጠቀሙ፤ ነጭ ወረቀት ላይ አይነበብም፤ የምትለኩትም የዓይን ድካም ይሆናል። በመጀመሪያው ካርድ ቃሉና ቀለሙ ይስማማሉ። በሁለተኛው ይጋጫሉ። በሁለቱም ካርዶች እያንዳንዱ ቀለም በትክክል 6 ጊዜ ይምጣ፤ «አረንጓዴ» ማለት «ቀይ» ከማለት ረዘም ስለሚል አንዱ ካርድ ላይ አረንጓዴ ቢበዛ ሰዓቱ በዚያ ብቻ ይረዝማል። በሚጋጨው ካርድ ላይ እያንዳንዱን ቀለም ከሌሎቹ ሦስት ቃላት ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ብታጣምሩት ስድስቱ በልኩ ይሞላል። አንድ ቀለም ተከታትሎ ሁለት ጊዜ አይምጣ፤ የቀለሞቹ ቅደም ተከተልም በሁለቱ ካርዶች ይለያይ፣ ካልሆነ ተሳታፊው ያጠናዋል።

ተሳታፊዎቹ አማርኛን አቀላጥፈው የሚያነቡ መሆን አለባቸው። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ እየተናገረ ፊደል ያልቆጠረ ወጣት ቃላቱን ሳያነብ ቀለሙን ብቻ ያያል፤ የሚጋጭ ነገር የለበትም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ወደ ሌላ ጥሩ ጥያቄ ልትለውጡት ትችላላችሁ፤ ለዚያ ግን የነጻ ቡድኖች ፍተሻ ነው የሚያስፈልገው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገር ሰውም አይካተትም።

ሲለኩ፦ ፈቃዱን ጠይቁ፤ መቼም ማቆም እንደሚችል ንገሩት። ስምንት ቃል ያለበት ትንሽ መለማመጃ ስጡት። ከዚያ ተራ ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆኑት በሚስማማው ካርድ፣ ሙሉ የሆኑት በሚጋጨው ይጀምሩ። ሁሉም በአንዱ ካርድ ቢጀምር የመለማመድና የመሰልቸት ውጤት ከዋናው ጋር ይደባለቃል፤ በኋላም መለየት አይቻልም። የተሳሳተ አርሞ ይቀጥላል፣ ሰዓቱ አይቆምም።

ለልምምድ ያዘጋጀናቸው የአሥር ሰዎች ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ ሒሳቡ እንዲቀል በሙሉ ሰከንድ ተደርገዋል። የመጀመሪያው የሚስማማው ካርድ፣ ሁለተኛው የሚጋጨው፣ ሦስተኛው ልዩነቱ ነው።

1ኛ፦ 12፣ 14፣ ልዩነት 2
2ኛ፦ 20፣ 25፣ ልዩነት 5
3ኛ፦ 15፣ 18፣ ልዩነት 3
4ኛ፦ 18፣ 19፣ ልዩነት 1
5ኛ፦ 24፣ 30፣ ልዩነት 6
6ኛ፦ 14፣ 18፣ ልዩነት 4
7ኛ፦ 17፣ 16፣ ልዩነት −1
8ኛ፦ 22፣ 25፣ ልዩነት 3
9ኛ፦ 16፣ 18፣ ልዩነት 2
10ኛ፦ 22፣ 27፣ ልዩነት 5

ባዶ መላምት፦ በጠቅላላው ሕዝብ የልዩነቱ አማካይ ዜሮ ነው። አማራጭ፦ ዜሮ አይደለም። አልፋ 0.05፣ ባለሁለት ጫፍ፣ የጥንድ ቲ ቴስት።

ደረጃ አንድ። ልዩነቶቹን ደምሩ፤ 30 ይሆናል፤ ለ10 ሲካፈል አማካዩ 3 ነው። የ7ኛውን ሰው ቅናሽ አትዝለሉ። −1ን እንደ 1 የደመረ ተማሪ 32 ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ማረጋገጫ አለ፦ የሚጋጨው ካርድ አማካይ 21፣ የሚስማማው 18 ነው፤ ልዩነታቸው 3 ካልወጣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ደረጃ ሁለት። ከእያንዳንዱ ልዩነት ላይ 3 ቀንሱ፦ −1፣ 2፣ 0፣ −2፣ 3፣ 1፣ −4፣ 0፣ −1፣ 2። ድምራቸው ዜሮ መሆን አለበት። ነው።

ደረጃ ሦስት። እያንዳንዱን በራሱ አባዙና ደምሩ፦ 1 + 4 + 0 + 4 + 9 + 1 + 16 + 0 + 1 + 4 = 40።

ደረጃ አራት። 40ን ለ9 አካፍሉ፤ ለ10 አይደለም። የሚወጣው ቫሪያንሱ ነው፣ 4.44፤ የእሱ ስኩዌር ሩት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ነው፣ 2.11።

ደረጃ አምስት። ስታንዳርድ ኤረር = 2.11 ÷ √10 = 0.667።

ደረጃ ስድስት። ቲ = 3 ÷ 0.667 = 4.50።

ደረጃ ሰባት። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (የሰንጠረዡን ረድፍ የሚወስነው ቁጥር) 10 − 1 = 9። በቲ ሰንጠረዥ በ9 ረድፍ፣ በባለሁለት ጫፍ 0.05 ዓምድ ያለው 2.262 ነው። 4.50 ይበልጣል። በ0.01 ዓምድ ያለውን 3.250ንም ይበልጣል፤ በ0.001 ያለውን 4.781 ግን አያልፍም። እንግዲህ ፒ በ0.001 እና በ0.01 መካከል ነው። በኮምፒውተር ሲሠራ 0.00149 ገደማ ይሆናል።

ሰንጠረዡን ስታነቡ የዓምዱን ርእስ ሁለት ጊዜ እዩ። አንዳንድ መጽሐፍ የሚጽፈው የአንዱን ጫፍ ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ ለባለሁለት ጫፍ 0.05 የሚፈለገው ዓምድ 0.025 የሚለው ነው። 0.05 የሚለውን ያነበበ 1.833ን ይዞ ይወጣል።

ከዚያው ዳታ የሚወጡ የተለመዱ ስህተቶች

የተሳሳተ መልስ ስታገኙ ቁጥሩ ራሱ የት እንደተሳሳታችሁ ይናገራል። በዚህ ልምምድ፦

ቲ 4.74 ከወጣላችሁ በ9 ፈንታ በ10 አካፍላችኋል። ኤክሴል ላይ ይህ የሚመጣው የጠቅላላ ሕዝቡን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚያሰላውን ፈንክሽን ስትመርጡ ነው፤ የናሙናውን ምረጡ።

1.42 ከወጣላችሁ በ√10 ማካፈሉን ረስታችኋል። የሚገርመው፣ ይህ ቁጥር ከንቱ አይደለም፤ የኮኸን ዲ የሚባለው የውጤት መጠን ነው፣ ልዩነቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይለካል፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

1.44 ከወጣ ደግሞ ስህተቱ ከባድ ነው። ሁለቱን ካርዶች የተለያዩ ሰዎች እንደሠሯቸው ቆጥራችሁ የነጻ ቡድኖች ፍተሻ አድርጋችኋል ማለት ነው። የዚያ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 18፣ ወሰኑ 2.101 ነው፤ 1.44 አይደርስም፣ «ልዩነት አልታየም» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ዳታው ያው፣ ድምዳሜው ተቃራኒ። ምክንያቱን ለማየት 1ኛውንና 5ኛውን ሰው ተመልከቱ። አንዱ በ12 ሰከንድ የሚጨርስ ፈጣን፣ ሌላው 24 የሚፈጅበት ነው። ይህ የሰው ከሰው ልዩነት ከስትሩፕ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የነጻ ቡድኖች ቀመር ግን ሁሉንም እንደ ጩኸት፣ ማለትም እንደ ዕድል መዋዠቅ፣ ይቆጥረውና ስታንዳርድ ኤረሩን ወደ 2.09 ያሳድገዋል። የጥንድ ፍተሻ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ስለሚያወዳድር ያ ጩኸት ይጠፋል፤ 0.667 ብቻ ይቀራል።

ቲ −4.50 ከሆነ ምንም ስህተት የለም፤ ቅናሹን በተቃራኒ አድርጋችኋል። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መጀመሪያ ካስገባችሁት ዓምድ ሁለተኛውን ስለሚቀንስ ይህ ሁልጊዜ ያጋጥማል። በምልክቱ አትደንግጡ፣ የትኛው አማካይ እንደሚበልጥ ግን በቃላት ጻፉ።

ውጤቱን መጻፍ

ሁለት ነገር ጨምራችሁ አስሉ። የኮኸን ዲ = 3 ÷ 2.11 = 1.42። የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (የጠቅላላው ሕዝብ ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) = 3 ± 2.262 × 0.667፤ ማለትም ከ1.49 እስከ 4.51 ሰከንድ። ኢንተርቫሉ ዜሮን አለመያዙ ከቲ ቴስቱ ውሳኔ ጋር ሁልጊዜ መስማማት አለበት፤ ካልተስማማ ከሁለቱ አንዱን ተሳስታችኋል።

ከዚያ እንዲህ ይጻፋል፦ «ቃሉና ቀለሙ ሲጋጩ ቀለሙን ለመጥራት የወሰደው ጊዜ (አማካይ 21.0 ሰከንድ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 5.3) ሲስማሙ ከወሰደው (አማካይ 18.0፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 3.9) በ3 ሰከንድ ረዝሟል፤ ቲ(9) = 4.50፣ ፒ = 0.001፣ ዲ = 1.42፣ የ95 በመቶ ኢንተርቫል ከ1.49 እስከ 4.51።» ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ለሆነባችሁና ሪፖርቱን በአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር አጻጻፍ ለምታስረክቡ፣ ፒ ከነጥቡ በፊት ዜሮ አይጻፍበትም፤ ከ1 ሊበልጥ የማይችል ቁጥር ነውና።

የማይጻፉትን ደግሞ እንይ። «ባዶው መላምት እውነት የመሆን ዕድሉ 0.1 በመቶ ነው» አይባልም። ፒ የሚነግረን ባዶው መላምት እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት ምን ያህል ጊዜ ይታይ እንደነበር ነው፤ ስለ መላምቱ ራሱ ዕድል አይናገርም። «ተረጋገጠ» የሚለውም ቃል ይቅር። ጉልህ ያልሆነ ውጤት ሲመጣ ደግሞ «ባዶውን መላምት ተቀበልን» አትበሉ፤ «ውድቅ ለማድረግ የሚበቃ ማስረጃ አላገኘንም» በሉ። ፍርድ ቤት በማስረጃ እጥረት በነጻ ያሰናበተው ሰው ንጹሕ መሆኑ አልተመሰከረለትም።

ኮምፒውተር ላይ ማመሳከር

በእጅ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ያንኑ ዳታ ሶፍትዌር ላይ አስገቡ። ጃስፕና ጃሞቪ ነጻ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው። የጥንድ ፍተሻ ሲሆን እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፣ ሁለቱ ካርዶች ሁለት ዓምድ ይሆናሉ። የነጻ ቡድኖች ሲሆን ግን ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ዓምድ ይገቡና ሌላ ዓምድ ቡድኑን 1 ወይም 2 እያለ ይለያል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። ኤክሴል ውስጥ ያለው የቲ ቴስት ፈንክሽን በመጨረሻ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው የጫፍ ብዛት ነው፣ 2 በሉ፤ ሁለተኛው ዓይነቱ ነው፣ 1 ለጥንድ፣ 2 ቫሪያንሳቸው እኩል ለሆኑ ነጻ ቡድኖች፣ 3 እኩል ላልሆኑ። የሚሰጣችሁ ፒን ብቻ ነው፣ ቲን አይደለም።

ኤስፒኤስኤስ ለነጻ ቡድኖች ሁለት ረድፍ ያወጣል፤ በግራ በኩል የሌቪን ፍተሻ ፒ አለ። ያ ስለ ቫሪያንሶች እኩልነት ነው፤ የእናንተ መልስ አይደለም። ከ0.05 ካነሰ የታችኛውን ረድፍ አንብቡ፣ ካልሆነ የላይኛውን። 0.000 የሚል ፒ ካያችሁ «ፒ = 0» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከ0.001 በታች» ነው።

ያልወጣ ውጤትና በግድ የወጣ ውጤት

ውጤቱ ጉልህ ካልሆነ በመጀመሪያ የምትጠይቁት የሰዉ ብዛት ይበቃ እንደነበር ነው። መካከለኛ የሚባለውን የውጤት መጠን፣ ዲ 0.5ን፣ በሁለት ነጻ ቡድኖች በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ያስፈልጋል። በጥንድ ፍተሻ 34 ይበቃል። የክፍል ሥራ ላይ እንደሚደረገው 20 ሰው በየቡድኑ ብቻ ካለ ዕድሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ውጤቱ በእርግጥ ቢኖርም ሦስት ጊዜ ብንሞክር ሁለቱን እንስተዋለን ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ውጤቱ «እንዲወጣ» የሚደረግ መታገል አለ። አሥር ሰው ለክቶ ፒን ማየት፣ ካልደረሰ አምስት መጨመር፣ እንደገና ማየት። ወይም 20 መጠይቆችን ሰብስቦ እያንዳንዱን መፈተን። 20 ነጻ ፍተሻዎች ብታደርጉ፣ ምንም እውነተኛ ውጤት ባይኖር እንኳ ቢያንስ አንዱ «ጉልህ» የመሆን ዕድሉ 64 በመቶ ነው። በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት 100 የሥነ ልቦና ምርምሮችን እንደገና ሠርቶ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶ ያህሉ ጉልህ ውጤት ሲያሳዩ፣ ሲደገሙ ግን ያሳዩት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ናሙናና እንዲህ ያለው መነካካት ግን በዝርዝሩ አናት ላይ ናቸው። ለዚህ ነው ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ከመጀመሪያው ያዘዝነው።

ብቻችሁን የምትሠሩት

16 ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው 15 ቃላት እንዲያስታውሱ ተደረገ። አንደኛው ቡድን ቃላቱን እየደጋገመ አጠና፦ 7፣ 9፣ 6፣ 8፣ 10፣ 7፣ 8፣ 9 ቃላት አስታወሱ። ሁለተኛው እያንዳንዱን ቃል በአእምሮው እየሣለ አጠና፦ 10፣ 8፣ 12፣ 9፣ 11፣ 10፣ 9፣ 11። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተዘጋጁ ናቸው። ወረቀቱን ሙሉ፣ ፍተሻውን ምረጡ፣ አስሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ሰዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ የነጻ ቡድኖች ቲ ቴስት ነው። አማካዮቹ 8 እና 10። በሁለቱም ቡድን ከአማካይ ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 12 ይሆናል። የተጣመረው ቫሪያንስ (12 + 12) ÷ 14 = 1.714። ስታንዳርድ ኤረር √(1.714 ÷ 8 + 1.714 ÷ 8) = 0.655። ቲ = 2 ÷ 0.655 = 3.05፤ ካልኩሌተር ላይ ሳያጠጋጉ ከሠሩት 3.06 ይሆናል፣ ሁለቱም ትክክል ተብለው ይታረማሉ። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 14፣ ወሰኑ በ0.05 2.145፣ በ0.01 2.977። ባዶው መላምት ውድቅ ነው፣ ፒ ከ0.01 በታች፣ ዲ 1.53። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 7 ብላችሁ ከሆነ ስምንት ስምንቱን አጣምራችሁ እንደ ጥንድ ሠርታችሁታል፤ የአንደኛው ቡድን የመጀመሪያ ሰው ከሁለተኛው የመጀመሪያ ሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ዝርዝሩን ገልብጣችሁ ብትጽፉት ቲው ይቀየራል።